ፖስትፊክስ አድሚን ተጭኗል፤ ኢሜይሉ ለምን አይገባም?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ላይ ነኝ። 26 ሠራተኞች አሉን። ቢሮ ያለች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ 24.04 ጫንኩ፤ ከዚያ ፖስትፊክስ፣ ዶቭኮትና ፖስትፊክስ አድሚን። ገጹ ይከፈታል፣ ዶሜይናችንን አስገብቼ አካውንት ፈጥሬያለሁ። ወደ አካውንቶቹ ሲላክ ግን ተመላሽ ይሆናል። በስልክ ለመግባት ሲሞከር ፓስወርድ ተሳስቷል ይላል። የአካውንቶቹ ፎልደርም ዲስኩ ላይ የለም። አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ዌብሚን ይሻልሃል ያሉኝ ሰዎች አሉ። መብራት ሲጠፋስ የተላከልን ኢሜይል ጠፍቶ ይቀራል? ጥምቀት ሳይደርስ መጨረስ አለብኝ።»

ምላሽ፦ ሦስት ጊዜ ማፍረስዎ ከንቱ ድካም ነበር። ገጹ ከተከፈተ፣ ዶሜይኑና አካውንቶቹም ገብተው ከታዩ፣ ፖስትፊክስ አድሚን የድርሻውን ጨርሷል። አራተኛ ጊዜ ቢጭኑትም የሚያገኙት ያንኑ ነው፤ የጎደለው ሌላ ቦታ ነው።

ፖስትፊክስ አድሚን በፒኤችፒ የተጻፈ መዝገብ መሙያ ነው። ኢሜይል አይቀበልም፣ አይልክም፣ በስልኩ የሚገባውን ሠራተኛ ፓስወርድም አይፈትሽም። አካውንት ሲፈጥሩ የሚያደርገው ማሪያዲቢ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ባሉ ሰንጠረዦች ላይ መስመር መጨመር ብቻ ነው። የእድር ጸሐፊ ነው ብለው ያስቡት። አዲስ አባል ሲመጣ ጸሐፊው ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ጥሩምባ ነፊው ያንን መዝገብ ካላየው ግን ሌሊት ሲዞር በአዲሱ አባል ደጅ አያልፍም። በእርስዎ ሰርቨር ላይ ጥሩምባ ነፊው ፖስትፊክስ ነው፤ ከውጭ በፖርት 25 የሚመጣውን ተቀብሎ የማን እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ሳጥኑን የሚጠብቀውና ስልኮቹን የሚያስገባው ደግሞ ዶቭኮት ነው። ሁለቱም መዝገቡን እንዲያነቡ በየራሳቸው የኮንፊግ ፋይል መንገር አለብዎት። ይህን ፖስትፊክስ አድሚን አያደርግልዎትም፤ የተሠራውም ለዚያ አይደለም።

የፎልደሩ ነገር ስህተት አይደለም። ፎልደሩን የሚፈጥረው ዶቭኮት ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ኢሜይል ሲደርስ ወይም ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ነው። ኢሜይሉ ስላልደረሰ ፎልደር የለም፤ ምልክቱን ከምክንያቱ አያምታቱት። የዚህን ተቃራኒም ያስታውሱልኝ፦ ሠራተኛ ለቅቆ አካውንቱን ሲሰርዙ ከመዝገቡ ይወጣል እንጂ ኢሜይሎቹ ዲስኩ ላይ ይቀራሉ። ከወራት በኋላ ያንኑ ስም ለሌላ ሰው ቢሰጡት፣ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ደብዳቤ በሙሉ ተቀምጦ ያነባል።

አሁን ወደ ተመላሹ። ተመልሶ የመጣው ደብዳቤ ውስጥ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው «አልደረሰም» የሚለውን አይቶ ይዘጋዋል እንጂ ወደ ታች አያነብም። ተቀባዩ «በሎካል ተቀባዮች ሰንጠረዥ ውስጥ የለም» የሚል ከሆነ ነገሩ አብቅቷል፤ ዶሜይንዎ ማይዴስቲኔሽን በሚባለው የፖስትፊክስ መስመር ላይ ተጽፏል ማለት ነው። እዚያ የተጻፈን ዶሜይን ፖስትፊክስ የኮምፒውተሯ የራሷ አድርጎ ስለሚቆጥረው ተቀባዩን የሚፈልገው ከኡቡንቱ ተጠቃሚዎች መካከል ነው። ዳታቤዙን ዞር ብሎ አያየውም። መስመሩ እዚያ የገባው ደግሞ ሲጫን ነው፤ ጫኙ የሲስተሙን የሜይል ስም ሲጠይቅ ሁሉም ሰው ዶሜይኑን ይጽፋል፣ እሱም ወስዶ እዚያ ያስቀምጠዋል።

አንድ ጊዜ አዘዞ አካባቢ ያለ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ኢሜይል አልገባም። ልጁ የአካውንቶቹን ዝርዝር ከፍቶ በጣቱ እየጠቆመ «ይኸው አለ እኮ! ይኸው!» ይለኛል። ጎኑ ባለው ስክሪን ላይ ሎጉ በየደቂቃው «አላውቀውም» እያለ ይወርዳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ከማይዴስቲኔሽን ላይ አንዷን ቃል አውጥተን፣ ዶሜይኑን በዳታቤዙ በኩል ብቻ እንዲያገኘው አድርገን፣ ፖስትፊክስን ሪሎድ ስናደርገው የቀረበልን ቡና አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበር። ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ዶሜይን ወይ ማይዴስቲኔሽን ላይ ወይ በቨርቹዋል ዶሜይኖች ዝርዝር ውስጥ ይሆናል፤ ሁለቱም ላይ አይሆንም። ሁለቱም ላይ ከሆነ ፖስትፊክስ ራሱ ሎጉ ላይ ያስጠነቅቃል።

መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ካገኙት፣ ፖስትፊክስ ዳታቤዙን ማንበብ መቻሉን ይፈትኑ። መጀመሪያ የማይኤስኪውኤል ማገናኛው (ለማሪያዲቢም የሚያገለግለው እሱ ነው) መጫኑን ይዩ፤ ኡቡንቱ ላይ ለፖስትፊክስም ለዶቭኮትም በየራሱ ፓኬጅ ስለሚመጣ ሁልጊዜ የሚረሳ እሱ ነው። ካልተጫነ ሎጉ «ማይኤስኪውኤል የሚባል የሰንጠረዥ ዓይነት አላውቅም» ይላል። ከተጫነ በኋላ ፖስትማፕ የሚባለውን ትእዛዝ በመጠየቂያ ምርጫው አስነስተው የአካውንት ሰንጠረዡን ፋይልና አንድ ሙሉ አድራሻ ይስጡት። የሳጥኑን መንገድ ከመለሰ መዝገቡ ተነቧል። ምንም ሳይል ወደ ባዶ መስመር ከተመለሰ ተገናኝቷል፣ ግን ሰውየውን አላገኘውም፤ ያኔ ፋይሉ ውስጥ ያለውን የኤስኪውኤል ጥያቄ ይመርምሩ። በስህተት ከጮኸ የዳታቤዙ ስም፣ ተጠቃሚ ወይም ፓስወርድ ልክ አይደለም። ለዶሜይኑና ለኤልያሱም (ወደ ዋናው አካውንት ለሚያመራው ተጨማሪ አድራሻ) እንዲሁ ያድርጉ፤ ሦስቱም ሰንጠረዦች መልስ መስጠት አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚያደናቅፍ ወጥመድ አለ። ፖስትማፕ ጥሩ መልስ ይሰጣል፣ እውነተኛው ኢሜይል ሲመጣ ግን ፖስትፊክስ በ451 ኮድ «ለጊዜው ማየት አልቻልኩም» ብሎ ያቆየዋል። ትእዛዙን የሚያስኬዱት እርስዎ በሩት፣ ማለትም በሙሉ ሥልጣን፣ ሆነው ነው፤ ዲስኩ ሁሉ ክፍት ነው። ከውጭ ኢሜይል የሚቀበለው የፖስትፊክስ ክፍል ግን ኡቡንቱ ላይ በራሱ ፎልደር ተዘግቶበት ነው የሚሠራው፤ ክሩት ይሉታል። የግንኙነት ፋይሉ ላይ «ሎካልሆስት» ብለው ከጻፉ የማይኤስኪውኤል ማገናኛ በኔትወርክ አይሄድም፤ የሶኬት ፋይል ይፈልጋል፣ ያ ፋይል ደግሞ ከተዘጋው ፎልደር ውጭ ነው። በሎካልሆስት ፋንታ 127.0.0.1 ብለው ይጻፉ። ወይም ሰንጠረዡን ፕሮክሲ በሚለው ቅድመ ቃል ያስጠሩት። አንድ ቃል ናት፤ ስንት ሌሊት እንደበላች ግን እኛ እናውቃለን።

ፓስወርዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከተመላሹ ጋር አያያይዙት። ከሁሉ አስቀድሞ ሠራተኛው በስሙ ብቻ ሳይሆን በሙሉ አድራሻው መግባቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የዶቭኮትን የማረጋገጫ ፋይል፣ 10-ኦውዝ የሚባለውን፣ እስከ መጨረሻው ይውረዱ። እታች ጥቂት መስመሮች ተደርድረው ያገኛሉ፤ ሲስተም የሚለው ክፍት ነው፣ ኤስኪውኤል የሚለው ደግሞ በመሰላል ምልክት (#) ተዘግቷል። ኡቡንቱ ሲሰጥዎ እንዲያ ነው። እንዳለ ከተዉት ዶቭኮት ሠራተኛዎን የሚፈልገው አሁንም ከኮምፒውተሯ ተጠቃሚዎች መካከል ነው፤ ዳታቤዝ መኖሩን እንኳ አልሰማም። ሲስተምን ይዝጉ፣ ኤስኪውኤልን ይክፈቱ፣ ሪስታርት ያድርጉ። በእርስዎ ሁኔታ ጥፋቱ ይኸው እንደሆነ ነው የምገምተው።

እሱም ተስተካክሎ እምቢ ካለ የቀረው የፓስወርዱ አመሰጣጠር ነው። ፖስትፊክስ አድሚን ፓስወርዱን በሚያመሰጥርበት ዘዴና ዶቭኮት ይፈታል በሚባለው ዘዴ መካከል ስምምነት ከሌለ ትክክለኛው ፓስወርድም ይወድቃል። ዳታቤዙን ከፍተው የፓስወርዱን ዓምድ ይመልከቱ፦ በ$6$ የሚጀምር ከሆነ ኤስኤችኤ512-ክሪፕት ነው፣ በ$1$ ከጀመረ አሮጌው ኤምዲ5-ክሪፕት ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ዛሬ አይጠቀሙበት። በዶቭኮት በኩል ሰዎች የሚሳሳቱት «ኤስኤችኤ512» ብለው ጽፈው ክሪፕት የምትለውን ሲተዉ ነው። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶቭአድም ኦውዝ ቴስት የሚባለው ትእዛዝ ያለ ስልክና ያለ ሠራተኛ እዚያው ያረጋግጥልዎታል። ሠራተኛውን «እስቲ አሁን ሞክር» እያሉ አሥር ጊዜ አያስቸግሩት።

ከኢንተርኔት መመሪያ ሲቀዱ የዶቭኮትን ስሪት ይዩ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያለው 2.3 ነው። ከ2.4 ጀምሮ የኮንፊጉ አጻጻፍ ስለተቀየረ የአንዱ መመሪያ በሌላው ላይ አይሠራም። ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ካመጡ ዶቭኮት ጭራሽ አይነሳም።

ሎግ ሲያነቡ ደግሞ ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ሠራተኛው «3 ሰዓት ላይ ላኩት» ሲልዎ ሎጉ ላይ የሚፈልጉት 09:00ን ነው፤ ይህም የሰርቨሩ ሰዓት በአዲስ አበባ ከተሞላ ነው። በዩቲሲ እንደተጫነ ከተዉት 06:00 ላይ ያገኙታል። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን 03:00 ላይ ያለውን ሎግ ግማሽ ቀን የመረመረ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ሰዓቱን ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

ስለ ዌብሚን የመከሩዎት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን አንድ አድርገውብዎታል። ዌብሚን የሙሉ ኮምፒውተር ማስተዳደሪያ ነው፤ ተጠቃሚ ይጨምራል፣ ፋይርዎል ይነካል፣ ፓኬጅ ይጭናል፣ በፖርት 10000 ላይ ተቀምጦ በሩት ሥልጣን ይሠራል። የፖስትፊክስን ኮንፊግ በድረ ገጽ ሊያሳይዎ ይችላል፤ ማይዴስቲኔሽን ላይ የገባችውን ቃል ግን ማውጣት ያለብዎት ያው እርስዎ ነዎት። ሥልጣኑ ያን ያህል ሲሆን አደጋውም ያን ያህል ነው፦ በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር በአንዳንድ የዌብሚን ስሪቶች ውስጥ ሰርጎ ገቦች የደበቁት የጀርባ በር ተገኝቶ ነበር፤ ከ1.890 እስከ 1.920 ያሉት ተነክተዋል። ከዚያ ወዲህ ተስተካክሏል፤ ፕሮግራሙንም መጥፎ ነው አልልም። ግን 26 የኢሜይል አካውንት ለመጨመር የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ደጃፍ ላይ አይሰቅሉም። ማገጣጠሙ ካስመረረዎት የዌብሚን ሳይሆን የአይሬድሜይል ወይም የሜይልካው ነገር ነው መነሳት ያለበት፤ ሁሉንም አገጣጥመው ነው የሚመጡት። ሁለቱም ሌላ ነገር ያልተጫነበት ንጹሕ ሰርቨር ይፈልጋሉ፤ ሜይልካው ደግሞ ቢያንስ 6 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል።

ፖስትፊክስ አድሚንን ራሱን እንዴት እንዳስቀመጡትም ያሳስበኛል፤ ሦስት ጊዜ በጥድፊያ የተጫነ ነገር በሩ ክፍት ነው የሚቀረው። ዌብ ሰርቨሩ የሚያሳየው ፐብሊክ የሚባለውን ንዑስ ፎልደር ብቻ ይሁን እንጂ ሙሉውን ፎልደር አይሁን። የመጀመሪያውን ዋና አስተዳዳሪ የፈጠሩበትን የሴትአፕ ገጽ ሥራው እንዳለቀ በዌብ ሰርቨሩ ይዝጉት። አዲስ ስሪት ሲጭኑ ሰንጠረዦቹን ለማሻሻል ያስፈልግዎታል፤ ያኔ ከፍተው መልሰው ይዝጉት። ቴምፕሌትስ_ሲ (templates_c) የሚባለው ፎልደር ላይ ዌብ ሰርቨሩ መጻፍ እንዲችል ሲያደርጉ ለዚያ ፎልደር ብቻ ይፍቀዱ፤ ሙሉውን ፎልደር 777 አድርጎ ማንም እንዲጽፍበት የከፈተ ሰው ችግሩን አልፈታም። በዳታቤዙም ሁለት ተጠቃሚ ይኑርዎት፦ ለድረ ገጹ የሚጽፍ አንድ፣ ለፖስትፊክስና ለዶቭኮት ማንበብ ብቻ የሚችል ሌላ። እኔ በጀማሪነቴ አንዱን ለሁሉም ሰጥቼ ነበር፤ ፓስወርዱን በቀየርኩ ቀን ሦስቱም አንድ ላይ ቆሙ።

አንድ ጥቅም ደግሞ ልጨምርልዎት። የሠራተኛን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንድ አንሆንም፤ ፀሐይን አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይጨርሳታል፣ ቱሪስቱም ከቢዝነስ ካርድ በዓይኑ አንብቦ የመሰለውን ይጽፋል። በአንድ አካውንት ላይ ሁለት ሦስት ኤልያስ (ተጨማሪ አድራሻ) ቢጨምሩ የጠፋ ደንበኛ ይተርፋል። መግቢያው ግን በዋናው አድራሻ ብቻ እንደሆነ ለሠራተኛው ይንገሩት።

መብራት ሲጠፋ ኢሜይል ይጠፋል ወይ ላሉት፦ አይጠፋም። ላኪው ሰርቨር የእርስዎን በር ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ወረፋ ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ራሱ ሳይነካ ከተተወ እስከ 5 ቀን ይሞክራል። ግማሽ ቀን ቢጠፋ ደብዳቤው ዘግይቶ ይገባል። የሚጎዱት ሌሎች ናቸው፦ ሠራተኛው በስልኩ ያለፈውን ኢሜይል መክፈት አይችልም፣ ከደባርቅ ሆኖ ለደንበኛ መልስ መላክ አይችልም፣ ዩፒኤስ ከሌለም ዳታቤዙ በድንገት መዘጋቱ አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍላል።

ትልቁ ችግርዎ ግን መብራት አይደለም፤ እርስዎ ያልጠየቁኝ ነገር ነው። ከላይ ያልኩት ሁሉ ተስተካክሎ ኢሜይል መቀበል ቢጀምሩም፣ ከዚያ ቢሮ የሚልኩት ወይ ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ጭራሽ አይደርስም። ተራ የቢሮ ኢንተርኔት የሚሰጠው አይፒ ተለዋዋጭ ነው፤ እንዲህ ያሉ አይፒዎችን ተቀባዮች ስፓምሃውስ የተባለው የስፓም ተከታታይ ድርጅት በሚያወጣቸው ዓይነት ዝርዝሮች ለይተው ያውቋቸዋል። ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰው ፒቲአር የሚባለው መዝገብም በእርስዎ እጅ አይደለም፤ የሚሞላው የአይፒው ባለቤት ነው። ጂሜይል ከየካቲት 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ይህን መዝገብ ይጠይቃል፤ ከሱ ጋር ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ወይም ዲኪም (ደብዳቤው ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ)፣ እንዲሁም የተመሰጠረ ግንኙነት ይፈልጋል። ብዙ ለሚልኩት ዲማርክም (ሁለቱም ሲወድቁ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ የሚነግር መመሪያ) ተጨምሯል። የእርስዎ ደንበኞች ደግሞ አብዛኞቹ የሚጽፉት ከጂሜይል ይመስለኛል።

ስለዚህ የምመክርዎት ቁርጥ ያለ ነው። ፖስትፊክስ አድሚንን አይተዉት፣ ለ26 ሰው ከሱ የተሻለ አያስፈልግዎትም። የቢሮዋን ኮምፒውተር ግን መለማመጃ ያድርጓትና እውነተኛውን ሰርቨር በኪራይ ቪፒኤስ (በአቅራቢ ዳታ ሴንተር ውስጥ ባለ የኪራይ ሰርቨር) ላይ ያስቀምጡት፤ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ። የውጭው በዶላር ስለሚከፈል መጀመሪያ አከፋፈሉን ከሒሳብ ክፍል ጋር ይጨርሱ፤ ኪራዩ ባለመከፈሉ የተዘጋ ሰርቨር ከመብራት መጥፋት ይብሳል። ከመክፈልዎ በፊት አቅራቢውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ፒቲአር ማስሞላት እችላለሁ ወይ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ፖርት 25 ክፍት ነው ወይ። ብዙዎቹ ለአዲስ ደንበኛ ይዘጉታል፤ አመልክተው ያስከፍቱታል። ለአንዱ እንኳ «አይ» ካሉ ሌላ ይፈልጉ። 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዎታል፤ የቫይረስ መመርመሪያውን ክላምኤቪን ካልጨመሩ ነው፣ እሱ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይበላል።

ቢሮ ላይ የሠሩት አይባክንም። ዳታቤዙን በባክአፕ አውጥተው እዚያ ይመልሱት፣ የፖስትፊክስና የዶቭኮትን ፋይሎች ይውሰዱ፣ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን ሰርተፊኬት በነፃ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ያውጡ። ለሠራተኞቹ ፖርት 993 (ኢሜይል ለማንበብ) እና 587 (ለመላክ) ይክፈቱ። የፖስትፊክስ አድሚንን ገጽ ግን ለእርስዎ ብቻ በቪፒኤን ወይም በአይፒ ገድበው ያቆዩት።

የጥምቀቱ ቀጠሮ ይጨንቀኛል። ጥር 11 ሊደርስ ሲል የማረፊያና የጉዞ ጥያቄ በምን ያህል እንደሚጎርፍ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ዶሜይኑን ወደ አዲሱ ሰርቨር የሚያዞረውን የኤምኤክስ መዝገብ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ካልቀየሩት በዓሉ እስኪያልፍ አይንኩት፤ አሁን ሠራተኞቹ በሚጠቀሙበት ይቀጥሉ። የሚቀይሩ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት የመዝገቡን ዕድሜ ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱት፤ ነገሩ ከተበላሸ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ድሮው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት ግን ከአዲሱ ሰርቨር ወደ ራስዎ ጂሜይል አንድ ደብዳቤ ይላኩና ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምርጫ ከፍተው ኤስፒኤፍና ዲኪም ፊት ለፊት «ፓስ» መባሉን ይመልከቱ። ሁለቱም ፓስ ካላሉ ኤምኤክሱን አይቀይሩ።